ድምሩ አንድ መጣ፤ ከዚያስ?

ተጠራጣሪው፦ ለተማሪዎችሽ መጀመሪያ የምታስተምሪው የፕሮባቢሊቲ ሠንጠረዥ ማጣራት ነው አሉ። ከዜሮ የሚያንስ ቁጥር እንዳይኖር፣ ድምሩም አንድ እንዲመጣ። ሌላ ምንም የለውም? ይህ እኮ የሱቅ ሒሳብ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጋሞ ቆላና ደጋ የወባ ሪፖርት ስሰበስብ ነው የኖርኩት፤ ያሳሳተኝ ሪፖርት ሁሉ ድምሩ ልክ ነበር።

መምህርቷ፦ ያሳሳተዎትን ነው የሚያስታውሱት ጋሼ። ሳያሳስት የተያዘውስ? እስቲ ከራስዎ ሥራ እንነሳ። ከጫኖ ወይም ከላንቴ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ደሙ ሲታይ ምን ምን ሊገኝበት ይችላል?

ተጠራጣሪው፦ ወይ ኔጋቲቭ ነው፤ ወይ ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው፤ ወይ ቫይቫክስ የሚባለው ነው።

መምህርቷ፦ ቁጥር እንስጣቸው። ቁጥሩን ለምሳሌ እኔው ያወጣሁት ነው፤ የማንም መዝገብ አይደለም። ኔጋቲቭ 0.70፣ ፋልሲፋረም 0.20፣ ቫይቫክስ 0.12። ይደምሩት።

ተጠራጣሪው፦ 1.02።

መምህርቷ፦ ምን ሆነ ማለት ነው?

ተጠራጣሪው፦ ምን ይሆናል፣ ሁለቱም የተገኘባቸው ሰዎች አሉ። ቅልቅል እንለዋለን። የላብራቶሪው ልጅ ፋልሲፋረም ላይም ምልክት አደረገ፣ ቫይቫክስ ላይም ምልክት አደረገ። አንዱ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ተቆጠረ።

መምህርቷ፦ እርስዎ ቦታውን ለማግኘት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀብዎትም። መንገዱን ያሳየዎት ግን ያ ትርፍ 0.02 ነው። ቅልቅሉን ለብቻው እናውጣው፦ ፋልሲፋረም ብቻ 0.18፣ ቫይቫክስ ብቻ 0.10፣ ቅልቅል 0.02፣ ኔጋቲቭ 0.70። አሁን አንድ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ድምር የሚያስፈልገው ገንዘቡ እንዳይጎድል ነው። እዚህ ግን ድምሩ አንድ መሆን አለበት ስንል፣ ከመጣው ሰው ሁሉ አንድም ሳይቀር እያንዳንዱ በአንድ መስመር ላይ፣ በአንዱ ብቻ፣ ይውደቅ ማለታችን ነው። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ እንደሚመለስ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅልቅል የያዘው ሰው ፋልሲፋረም ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የጉበቱን መድኃኒት፣ ፕሪማኩዊኑን፣ ሳይወስድ ሊሄድ ይችላል። ከወር በኋላ ትኩሳቱ ሲመለስበት አዲስ ታማሚ ሆኖ እንደገና ይቆጠራል። የሱቅ ሒሳብ ያሉት ይኸ ነው?

ተጠራጣሪው፦ 0.97 ቢመጣስ?

መምህርቷ፦ የጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። የተበላሸ ስላይድ፣ ሳይነበብ የቀረ ናሙና፣ ውጤቱን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ የተመለሰ። ፈልጎ መስመር መስጠት ነው።

ተጠራጣሪው፦ መልካም። አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፤ በወር ማለቂያ፣ መብራት በሌለበት ማታ፣ ሪፖርቱ እንዴት እንደሚሞላ። የመጨረሻውን መስመር ማንም አይቆጥረውም። ከላይ ያሉትን ይደምራል፣ ከአንድ ላይ ይቀንሳል፣ የተረፈውን «ሌላ» ብሎ ይጽፈዋል። ያ ሠንጠረዥ ዓለም ቢገለበጥ ድምሩ አንድ ከመሆን አይቀርም። ማጣሪያሽን ያለፈው እውነት ስለሆነ ነው? አይደለም። እንዲያልፍ ተደርጎ ስለተሠራ ነው።

መምህርቷ፦ ሌላው ሕግ፣ ከዜሮ የሚያንስ ቁጥር እንዳይኖር የሚለው፣ ያለው ለዚህ ነው። ከላይ ያሉት 0.55፣ 0.35 እና 0.18 ቢሆኑ ድምራቸው 1.08 ነው። ልጁ ከአንድ ላይ ሲቀንስ «ሌላ» የሚለው መስመር 0.08 ከዜሮ በታች ይወርዳል። ድምሩ አሁንም አንድ ነው፤ ግን ከዜሮ ያነሰ ታማሚ የለም። ድምሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ያመለጠው ስህተት በዚያኛው በር ይያዛል። ሁለቱ ሕጎች አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ይደፍናሉ።

ተጠራጣሪው፦ ከላይ ያሉት ከአንድ ካላለፉስ? 0.40፣ 0.30፣ 0.20፤ «ሌላ» 0.10። በሁለቱም በር ያልፋል። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ከላይ ያሉትም ተገምተው የተጻፉ ናቸው።

መምህርቷ፦ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም። ማጣሪያው ሊሆን የማይችለውን ይጥላል፤ ሊሆን ከሚችለው ውስጥ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። ያን የሚናገረው ቆጠራው ነው።

ተጠራጣሪው፦ ልጁ ከክፍል ሲወጣ ግን ይህን ይዞ አይወጣም። ድምሩ አንድ ከመጣ አለቀ ብሎ ነው የሚወጣው። ነገ ወረዳ ይመደባል፤ ሪፖርት ሲመጣለት ድምሩን ያያል፣ ያጸድቃል። ማጣሪያ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ይጠራጠር ነበር። አንቺ ያስተማርሽው ነገር ጥርጣሬውን ነው ያነሳለት።

መምህርቷ፦ ከባድ ነገር ተናገሩ። እውነትም አለበት፤ ፈተና ላይ «ይህ ስርጭት ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም» ብለን ጠይቀን ተማሪው «ነው» ካለ ሙሉ ማርክ እንሰጠዋለን። «ታዲያ ከየት መጣ፣ ማን ቆጠረው» የሚል ጥያቄ አናስከትልም። ሊታከልበት ይገባል። ግን ጋሼ፣ ጥርጣሬ መነሻ ካልያዘ ድካም ነው። ሁሉንም የሚጠራጠር ሰው መጨረሻ ላይ የትኛውንም ሪፖርት አያነብም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን የማይችለውን ለይቼ ካስቀመጥኩ፣ የቀረኝን ጊዜ ሊሆን በሚችለው ላይ አጠፋዋለሁ።

ተጠራጣሪው፦ እሺ፣ ሊሆን የሚችለውን እንውሰድ። ሐቀኛ ሰው ቆጠረው እንበል። ቆላው ላይ ትኩሳት ካለባቸው ሰዎች ወባ የተገኘባቸው 0.40፣ ደጋው ላይ 0.02። ይህም ለምሳሌ ነው። ከሁለቱም እኩል ሰው ተመርምሮ ቢሆን ዞኑ ስንት ይጽፋል?

መምህርቷ፦ 0.21።

ተጠራጣሪው፦ 0.21 የሆነ ቀበሌ አሳዪኝ። ደጋው ጨንቻ አይደለም። ሙዝ እርሻው ውስጥ ያለው ሼሌ አይደለም። ሠንጠረዡ ሁለቱንም ሕግ ያሟላል፣ ቆጠራውም ትክክል ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ማንም አይደለም። በዚህ ቁጥር መድኃኒት ቢከፋፈል ደጋው ላይ ጊዜው አልፎ ይጣላል፣ ቆላው ላይ በወሩ አጋማሽ ያልቃል።

መምህርቷ፦ ለዚህ እኮ ነው ሁለተኛ ተለዋዋጭ የምንጨምረው። እያንዳንዱን ቀበሌ በከፍታው እናስቀምጠው፤ ከጎኑ የወባውን መጠን እንጻፍ፤ ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚሄዱ እንይ። ዝምድና የምንለው ይኸው ነው። ይህ አገር ደግሞ ዝምድና ለማስተማር የተፈጠረ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ ነች። ከዚያ ተነስተው 37 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን በዶርዜ በኩል ሲወጡ ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳሉ። በአንድ ሺህ ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል 9 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ከታች ሙዝ፣ ከላይ እንሰትና ገብስ፣ ጨንቻ ላይ ፖም። በየመንደሩ ቴርሞሜትር ብንሰቅል ነጥቦቹ ቁልቁል በሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው የሚደረደሩት። የዝምድና ቁጥሩ ወደ ኔጋቲቭ አንድ የተጠጋ ይሆናል። ወባውም ይህን ሙቀት ተከትሎ ይወርዳል።

ተጠራጣሪው፦ ለዶርዜ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም። ሽማግሌዎቹ ድሮም ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈሩት ነበር።

መምህርቷ፦ አውቀውት ነበር፤ ለምን የሚለውን ጥያቄ ግን ቁጥሩ አጠበበው። ፋልሲፋረም ትንኟ ሆድ ውስጥ ሙቀት ካላገኘ አያድግም፤ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች እድገቱ ይቆማል። ስለዚህ ከፍታው ራሱ አይደለም የሚያድነው፣ ብርዱ ነው።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲያው በራስሽ አፍ አልሽው፤ ከፍታው አይደለም። ዝምድናው ግን ከፍታ ነው የሚለው። ሌላ ላምጣልሽ። እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ውሰጂ። በወላይታም በጋሞ ደጋም ታውቂዋለሽ። ይሄ ደግሞ ከወባ በተቃራኒው ወደ ላይ ስትወጪ ነው የሚበዛው። በሠንጠረዥሽ ብታስቀምጪው ከፍታና ዝሆኔ ጥሩ ዝምድና አላቸው ትያለሽ። ከዚያስ? ሰዉን ሁሉ ቆላ እናውርደው?

መምህርቷ፦ ይህን ምሳሌ እርስዎ ባያነሱት እኔ አነሳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ይህንኑ ነበር የሠራው። መጀመሪያ በሽታው የት የት እንዳለ አየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ያለበት፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ከፍ ያለ ቦታ። እነዚህ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፤ በዝምድናው ብቻ ቢሆን ዝናቡም፣ ብርዱም፣ ከፍታውም ሊከሰሱ ይችሉ ነበር። እሱ እዚያ ላይ አልቆመም። የሕመምተኞችን የሊምፍ ዕጢ መርምሮ ከአፈሩ የገባ የሲሊካ ብናኝ አገኘበት። ባዶ እግር፣ ያ አፈር፣ ብዙ ዓመት። መድኃኒቱ እግር መታጠብና ጫማ ሆነ። ካርታው ባይኖር አፈሩን ማን ይጠረጥረው ነበር? በቆላ ያለው ዝሆኔ እኮ ትንኝ በምታስተላልፈው ትል የሚመጣ ነው፤ የደጋውም ከዚሁ ተቆጥሮ ዘመን አልፎበት ነበር።

ተጠራጣሪው፦ ይህን ስትነግሪኝ የእኔን ክርክር እየረዳሽ ነው። ሁለት በሽታ አንድ ስም ይዘው በአንድ መዝገብ ላይ ተጻፉ። አንዱ ወደ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ወደ ታች ይበዛል። ደምረሽ ዝምድና ብትፈልጊ ምን ታገኛለሽ?

መምህርቷ፦ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር።

ተጠራጣሪው፦ ተማሪሽስ ምን ይላል?

መምህርቷ፦ «ከፍታ ከዝሆኔ ጋር አይገናኝም» ይላል። ተሳስቷል። ለዚህም ነው ተማሪዎቼን አዞ እርባታው ድረስ ወስጄ የማስተምራቸው።

ተጠራጣሪው፦ አዞ ምን አገባው?

መምህርቷ፦ ዜሮ ምን ማለት እንዳልሆነ ከአዞ የተሻለ የሚያስተምር አላገኘሁም። የአዞ ዕንቁላል ውስጥ ያለው ወንድ ይሁን ሴት በተረገዘበት ሰዓት አልተወሰነም። እናቲቱ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል፤ የአሸዋው ሙቀት ነው የሚወስነው። በእኛ ሐይቆች ያለው የናይል አዞ ከ31.7 እስከ 34.5 ዲግሪ ባለው መካከል በአብዛኛው ወንድ ይሆናል። ከዚያ ቢቀዘቅዝ ሴት፤ ከዚያ ቢሞቅም ሴት። አሁን አምስት ጎጆ እንውሰድ፣ ቁጥሩን ለማስላት እንዲመች እኔ እሰጠዋለሁ። በ31 ዲግሪ የወንዱ ድርሻ 0፣ በ32 0.6፣ በ33 0.9፣ በ34 0.6፣ በ35 0። የሙቀቱ አማካይ 33 ነው። እያንዳንዱ ከአማካዩ የራቀበትን ይዘን በወንዱ ድርሻ እናባዛው፤ ይህን አደራረግ ወደ ሙሉው ቀመር ቢወስዱት መልሱ አይለወጥም። የመጀመሪያው ሁለት ዲግሪ ያንሳል፣ ድርሻው ዜሮ ነው፣ ምንም። ሁለተኛው አንድ ዲግሪ ያንሳል፤ 0.6 ከዜሮ በታች። ሦስተኛው አልራቀም፤ ዜሮ። አራተኛው አንድ ይበልጣል፤ 0.6 ከዜሮ በላይ። አምስተኛው ዜሮ። ድምሩ?

ተጠራጣሪው፦ ተጣፋ። ዜሮ።

መምህርቷ፦ ዝምድናው በትክክል ዜሮ ነው። ሙቀቱ ግን ሁሉን ወሳኝ ነው። ቁጥሩ ዋሸ? አልዋሸም። የጠየቅነው «በቀጥታ መስመር አብረው ይሄዳሉ ወይ?» ብለን ነው፤ «አይሄዱም» አለ። ነጥቦቹን ወረቀት ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ጉብታውን በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፦ ሳትሥሉ አታስሉ።

ተጠራጣሪው፦ ተሥሎ ከታየ ታዲያ ቁጥሩ ለምን አስፈለገ?

መምህርቷ፦ አምስት ጎጆ በዓይን ይታያል። የዞኑን ቀበሌዎች የአሥር ዓመት መዝገብ፣ በየሳምንቱ፣ በዓይን አይታይም። ደግሞም ዓይን የፈለገውን ያያል፤ ቀመሩ ለእኔም ለእርስዎም አንድ መልስ ነው የሚሰጠው።

ተጠራጣሪው፦ አንድ መልስ? እንግዲያው ስለ ዝናብ ንገሪኝ። አርባ ምንጭ ዝናቧ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ሚያዝያና ግንቦት፣ ሌላው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ይመጣል። የዝናቡን ወር ከዚያው ወር ወባ ጋር ስታነጻጽሪ ደካማ ነው። በአንድ ወር ግፊው፣ ይጠነክራል። በሁለት ወር ግፊው፣ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይመጣል። አንድ ተመራማሪ ከዜሮ እስከ አራት ወር ድረስ እየገፋ ያምራል ያለውን መርጦ ሲጽፍ አይቻለሁ። ሁሉም ቁጥር በቀመር ነው የወጣው። የመረጠው ግን ሰውዬው ነው።

መምህርቷ፦ እንዲያ ከሆነ ጥፋት ነው፤ ለመከላከል አልሞክርም። መንገዱ ግን አለ። መዝገቡን ሳይከፍት ትንኟን ይጠይቅ። ዝናብ ወርዶ ኩሬ ሲሠራ ከዕንቁላል እስከምትበር ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። የነከሰችው ሰው ጥገኛ ሕዋስ በሆዷ ለማደግ በእኛ ሙቀት አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። የተነከሰው ሰው ትኩሳት እስኪጀምረው ሌላ አሥር ቀን ወይ ሁለት ሳምንት። አንድ ወር ተኩል አካባቢ ይመጣል። ይህን አስቀድሞ ጽፎ ይፈርምበት፣ ከዚያ ያስላ። ያገኘውንም ባላየው ዓመት ላይ ይፈትነው። በዚያም ካልሠራ ይጣል።

ተጠራጣሪው፦ ጎርፍ ሲሆንስ? የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ እኮ የትንኙን እጭ ጠርጎት ነው የሚሄደው። ትንሽ ዝናብ ያበዛል፣ ብዙ ዝናብ ይቀንሳል። የአዞሽ ጉብታ እዚህም አለ።

መምህርቷ፦ አለ። ለዚህም ነው ቀጥታ መስመር የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው መሣሪያ ያልሆነው። እስክንድር ሎሃና በርንት ሊንድቾርን ጫኖ ሚሌን ቤት ለቤት ተከታትለው ነበር። መንደሩ ሜዳ ነው፤ ከቤት ቤት ከፍታው አይለያይም። በከፍታ ብንለካ ዝምድና አናገኝም። ወባው ግን ተበትኖ አልተገኘም፤ በአባያ ሐይቅ ዳር ካለው የትንኝ መራቢያ አጠገብ ባሉት ቤቶች ይበዛ ነበር። በዞን ደረጃ ሁሉን የሚገልጸው ከፍታ፣ በመንደር ደረጃ ምንም አይገልጽም። መልሱን የሚለውጠው ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንዳየን ነው።

ተጠራጣሪው፦ እየተግባባን ስለሆነ አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1958 የሆነውን ታውቂዋለሽ?

መምህርቷ፦ የወባው ወረርሽኝ።

ተጠራጣሪው፦ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ነው የተገመተው። የት? ቆላ እንዳይመስልሽ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለ ቦታ፣ ደምቢያን በመሰለ አገር። በመስመርሽ ላይ ወባው አንሶ አንሶ ሊጠፋ በተቃረበበት ቦታ። ያ ዓመት ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው ወጣ። ሰዉ ለምን እንዲያ አለቀ? ወባ ለምዶ ስለማያውቅ ነው። ደሙ መከላከያ አልነበረውም። አየሽ፣ ያ መስመር ላይ ያለው ትንሽ ቁጥር ደህንነት ይመስል ነበር፤ ለሞት ያጋለጣቸውም ያው ትንሽነቱ ነው። አማካይ የሚያጽናናሽ ቦታ ላይ ነው አደጋው ያለው። ይህን ዝምድና የትኛው ቀመር ይነግርሻል?

መምህርቷ፦ የዝምድና ቁጥሩ ብቻውን አይነግረኝም። መስመሩ ግን የሚነግረኝ አለ፦ ከመስመሩ ምን ያህል ተራቀ የሚለውን። 2,000 ሜትር ላይ በሳምንት ሁለት ሰው ይጠበቅ የነበረበት ቦታ ሃያ ቢመጣ፣ ቆላው ላይ ሃያ ምንም አይደለም፤ እዚያ ግን ጥሪ ነው። የሚጠበቀውን ሳላውቅ ሃያ ብዙ ይሁን ትንሽ በምን አውቃለሁ? ከወረርሽኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም የተጀመረው የመዝገብ ሥራ የጠቀመው ለዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ መዝገቡ ላይ የታማሚው አድራሻ ብሎ የሚጻፈው ቤቱ ነው። ከጨንቻ ወርዶ ሙዝ እርሻ ላይ ሁለት ሳምንት የሠራ ጎረምሳ ታሞ ሲመለስ 2,700 ሜትር ላይ ይጻፋል። የነከሰችው ትንኝ ግን 1,200 ሜትር ላይ ናት። ጥሪ ብለሽ ትነሻለሽ፤ ደጋ ላይ ትንኝ ፍለጋ ትወጫለሽ።

መምህርቷ፦ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፤ «ባለፈው አንድ ወር የት አደርክ?» የሚል። እሱ ከተሞላ ከታች ያመጣውንና እዚያው የተነከሰውን እንለያለን። ደጋ ላይ እዚያው የተነከሰ ሰው አንድ እንኳ ቢገኝ ከሃያ እንግዳ ይበልጣል።

ተጠራጣሪው፦ በር ላይ ስልሳ ሰው ተሰልፎ ያን ዓምድ ማን ይሞላዋል? ይሞላ እንበል። እኔ አንድ ሺህ አጎበር ብቻ ነው ያለኝ። ቆላው በየዓመቱ እየታመመ ነው፤ ደጋው ምናልባት በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ ይታመማል፣ ሲታመም ግን ያልቃል። በመስመርሽ አከፋፍዪልኝ።

መምህርቷ፦ ዘጠኝ መቶውን ቆላ አወርዳለሁ። መቶውን ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ባለው መካከል አስቀምጣለሁ፤ በየቤቱ አላድልም፣ ጤና ኬላ ይቀመጣል። የሳምንቱ ቁጥር ከመስመሩ ከወጣ ያ መቶ፣ ርጭቱና መድኃኒቱ በሳምንት ውስጥ ይወጣል።

ተጠራጣሪው፦ 1958 ቢደገም መቶ አጎበር ምን ያደርጋል?

መምህርቷ፦ አይበቃም። ግን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ይበቃ ይሆናል። ለሁሉም እኩል ባከፋፍል፣ በየዓመቱ ልጅ የሚሞትባት የቆላ እናት ምን አጥፍታ ነው ዋጋውን የምትከፍለው?

ተጠራጣሪው፦ ከመስመሩ ሲወጣ አልሽ። መስመሩ የተሠመረው በድሮው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን አንብበሻል፤ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋ የተሠራውን። ዓመቱ ሲሞቅ ወባው ሽቅብ ይወጣል ነው የሚለው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት 2,000 ሜትር ላይ የነበረው ብርድ ዛሬ የት ነው?

መምህርቷ፦ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ከፍታን ትቼ ሙቀቱን ራሱን መለካት አለብኝ፤ መስመሩንም በየዓመቱ እንደገና ማስመር አለብኝ። ያ ጥናት ራሱ እኮ ዝምድና ነው ጋሼ። ዓመትን በሙቀቱ፣ ወባን በከፍታው አስቀምጠው ባያዩት ኖሮ እርስዎም ዛሬ ይህን አያነሱብኝም ነበር።

ተጠራጣሪው፦ አነሳዋለሁ። እኔ ያወቅኩት ከመጽሔቱ በፊት ነው፤ ትኩሳት ይዞት የማያውቅ የደጋ ሽማግሌ፣ ቆላ ወርጄ አላውቅም የሚል፣ ደሙ ፋልሲፋረም ሲሆን ነው። እሱ በሪፖርቱ ላይ አንድ ሰው ነው። ዝምድናሽን በመቶኛ እንኳ አያንቀሳቅሰውም።

መምህርቷ፦ ዝምድናውን አያንቀሳቅሰውም፤ ከመስመሩ የራቀውን ዝርዝር ባወጣ ግን የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። ያን ዝርዝር የሚያይ ሰው አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ተጠራጣሪው፦ በእኔ ጊዜ አልነበረም። ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ድምር ሆኖ ይሄዳል። ሽማግሌው ቀበሌው ውስጥ ተደመረ፣ ቀበሌው ወረዳው ውስጥ፣ ወረዳው ዞኑ ውስጥ።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ሪፖርቱ ሲወጣ ድምሩ ብቻ አይውጣ፤ ከመስመሩ የራቁት አምስት ቀበሌዎች ስማቸው አብሮ ይውጣ። አንድ ገጽ ነው።

ተጠራጣሪው፦ አምስቱን ማን ይመርጣቸዋል? ራቀ የሚባለውስ ከስንት በኋላ ነው?